ክትና ዘወትር፦ የአያት ውርስ በአሊስ ዎከር አንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ

1. መግቢያ

አማርኛ ልብስን የክትና የዘወትር ብሎ በሁለት ይከፍለዋል። የክቱ ለበዓል ወይም ለሠርግ ከሳጥን ይወጣል፤ ሲመለሱ ታጥፎ ይገባል። የዘወትሩ ከባለቤቱ ጋር ውሎ ያድራል፤ ከባለቤቱም ጋር ያረጃል። አንድ ዕቃ ከዘወትርነት ወደ ክትነት የሚሸጋገረው መቼ ነው? የሚያሸጋግረውስ ማን ነው? አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊስ ዎከር በ1973 ያሳተመችው «ኤቭሪዴይ ዩዝ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ይህን ጥያቄ ከሴት አያት በተወረሱ ሁለት የአልጋ ልብሶች ላይ ይገነባዋል። ርእሱን «ለዘወትር» ብንለው ከመንፈሱ የምንርቅ አይመስለኝም። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን አጭር ልቦለድ ከተማሪዎች ጋር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የክፍሉ ፍርድ ዘወትር ፈጣን ነው፤ የተማረችው ልጅ ትወገዛለች፣ ያልተማረችው ይታዘንላታል፣ እናት ትመሰገናለች። አንድ ጊዜ ግን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ፣ «እኛስ በክረምት ገጠር ወርደን ከአሮጊቶች ቃል ግጥም ቀድተን ስንመለስ የምንሠራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ዝም አለ፤ እኔም የረባ መልስ አልሰጠሁም። ይህ መጣጥፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ዓላማውም ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ የተለመደው ንባብ ልቦለዱን ከሚገባው በላይ እንደሚያቀለው ማሳየት፤ ሁለተኛ፣ ከአያት የተወረሰ ዕቃ ፈጠራን የሚያነሣሣው በምን መንገድ እንደሆነ ከራሱ ከድርሰቱ መመርመር ነው።

2. ታሪኩ ባጭሩ

መቼቱ የአሜሪካ ደቡባዊ ገጠር ነው። ተራኪዋ እንደ ወንድ የምትሠራ፣ ከሁለተኛ ክፍል በላይ ያልተማረች ጥቁር እናት ናት፤ ትምህርት ቤቷ በ1927 ተዘግቶ በዚያው ቀርታለች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ታናሺቱ ማጊ ቀድሞ ቤታቸው ሲቃጠል እሳት ያበላሻት፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ናት። ታላቂቱ ዲ ቆንጆ፣ ደፋርና ኮሌጅ የበጠሰች ናት። ዲ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ለጥየቃ ትመጣለች፤ ስሟንም ለውጣ «ዋንጌሮ» ሆናለች።

ምሳ ከተበላ በኋላ ዲ ዕቃ መምረጥ ትጀምራለች። የቅቤ መናጫውን ክዳን ለጠረጴዛ ጌጥ፣ መናጫ ዘንጉን ለሆነ «ጥበባዊ» ነገር ትፈልገዋለች። ቀጥሎ ከእናቷ አልጋ ግርጌ ካለው ሳጥን ሁለት የአልጋ ልብሶች ታወጣለች። እነዚህን ቁርጥራጩን እየገጣጠመች የጀመረቻቸው አያት ዲ ናት፤ እናትና አክስት አስተካክለው ሰፍተው ጨርሰዋቸዋል። እናት ግን ልብሶቹን ማጊ ስታገባ ልትሰጣት ቃል ገብታለች። ዲ ትቆጣለች፤ ማጊ የዘወትር ታደርጋቸውና በአምስት ዓመት ውስጥ ይቦጫጨቃሉ ባይ ናት። አንቺስ ምን ልታደርጊያቸው ነው ስትባል መልሷ እሰቅላቸዋለሁ የሚል ነው። ማጊ፣ አያቷን ያለ አልጋ ልብሱም ማስታወስ እንደምትችል ተናግራ ልትለቅላት ትፈቅዳለች። በዚህ ቅጽበት እናት ልብሶቹን ከዲ እጅ ነጥቃ በማጊ ጭን ላይ ታኖራለች። ዲ እናቷንና እኅቷን ቅርሳችሁን አታውቁም ብላ ትሄዳለች።

3. ድሪቶ

ልቦለዱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው በዋናው ዕቃ ስም ላይ ነው። «ኩዊልት» የሚባለው ከአሮጌ ልብስ በተቆራረጠ እራፊ ተገጣጥሞ፣ በመሐሉ ጥጥ ወይም ሌላ ሙቀት የሚይዝ ነገር ተደርጎ፣ ከገበር ጋር በመርፌ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። «ብርድ ልብስ» ብንለው አሠራሩ ይጠፋል። አሠራሩን የሚይዝልን የአማርኛ ቃል «ድሪቶ» ነው። ነገር ግን ድሪቶ የድህነት ስም ነው፤ ድሪቶ ለብሶ ወደ አደባባይ መውጣት ያሳፍራል።

ይህ የትርጉም ችግር ልቦለዱን ለመረዳት ያግዛል እንጂ አያደናቅፍም። ዲ ኮሌጅ ልትገባ ስትሄድ እናቷ ከእነዚህ አንዱን ልትሰጣት ፈልጋ ነበር፤ ጊዜ ያለፈበት ነው ብላ ትታው ሄደች። ያን ጊዜ በዐይኗ ድሪቶ ነበር። ስትመለስ ዋጋ የማይተመንለት ቅርስ ሆኗል። በመሐሉ ጨርቁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከተማው ነው። እውነትም ልቦለዱ ከመታተሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ በኒው ዮርክ የዊትኒ ሙዚየም የአሜሪካን ኩዊልቶች እንደ ረቂቅ ሥዕል በግድግዳ ሰቅሎ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። በአንጻሩ በ1966 በአላባማ ግዛት ጥቁር ሴቶች ተሰባስበው ኩዊልት ሰፍተው የሚሸጡበት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመዋል። ስለዚህ ዲ በቤተሰቧ ፊት የምታቀርበው ሐሳብ የግል ቅብጠቷ ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ ነፋስ ነው።

ድሪቶው ራሱ ምን ይዟል? ተራኪዋ ትዘረዝረዋለች፤ አያት ዲ ከሃምሳ ዓመት በፊትና ከዚያም ቀድሞ የለበሰቻቸው ቀሚሶች፣ የወንድ አያት ሸሚዞች ቁራጭ፣ በመጨረሻም የክብሪት ቀፎ የምታህል ደብዛዛ ሰማያዊ እራፊ። ይህች እራፊ ቅድመ አያት ኤዝራ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከለበሰው የወታደር ልብስ የተገኘች ናት። ሰማያዊ የሰሜኑ ጦር ቀለም ነው። በዚያ ጦር ውስጥ ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ተሰልፈው ነበር፤ የጦርነቱም ውጤት የባርነት መሻር ሆነ። እንግዲህ በጨርቁ ላይ ካለው ታሪክ ሁሉ ትልቁ በትንሿ ቁራጭ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ስለ ቅርስ አጥብቃ የምትናገረው ዲ ይህችን እራፊ አንድ ጊዜም አታነሣትም። የሚያስደንቃት ስፌቱ በእጅ መሠራቱ ነው። ማጊም ስለ ኤዝራ አትናገርም። ሰማያዊዋ እራፊ ወደ እኛ የደረሰችው በእናት ትረካ፣ ያውም በአንድ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ነው። ትረካው ባይኖር ዕቃው ዲዳ ነበር። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

4. የትረካው አንጻር

ዎከር ታሪኩን በእናት አንደበት ማስተረኳ ቀላል ምርጫ አይደለም። የምናየው ሁሉ በእናት ዐይን ነው፤ የዲ ውበትም፣ የዲ ጭካኔም፣ የዲ አለባበስም። እናት ደግሞ ገለልተኛ ዳኛ አይደለችም። ዲን ትወዳታለች፣ ትኮራባታለች፣ ትፈራታለችም። ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት በቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ከልጇ ጋር ስትተቃቀፍ በሐሳቧ የምታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ዲን ስንፈርዳት ተከሳሿን ሳይሆን የከሳሿን ቃል ብቻ ሰምተን እንደምንፈርድ ማወቅ ያሻል።

የበለጠ የሚያስገርመው ግን የዕቃዎቹ አቀራረብ ነው። እናት በመናጫው ዘንግ ስንትና ስንት ጊዜ ቅቤ ንጣለች፤ ለእሷ መሣሪያ ነው። ዲ ዘንጉን ልትወስደው ስትጠቀልለው ግን እናት ለአፍታ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ የጣቶችና የአውራ ጣት መጨበጥ እንጨቱን አጎድጉዶ የተወውን ምልክት ታያለች። በልቦለዱ ውስጥ ካሉት ውብ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። የእጆች ምልክት እዚያው ነበረ፤ የታየው ግን ዕቃው ሊሄድ ሲል ነው። የአልጋ ልብሶቹ ዝርዝርም የሚመጣው ዲ ከሳጥን ካወጣቻቸው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በአልጋ ግርጌ ተቆልፈው የሚኖሩ ነበሩ፤ ለዘወትር ይሁኑ የምትለው እናት ራሷ የክት አድርጋ ነበር ያስቀመጠቻቸው።

ከዚህ የሚከተለው፣ የሚጠቀምበት ሰው ሁልጊዜ ዕቃውን ያየዋል ማለት አይቻልም የሚል ነው። የለመደ ዐይን አያይም። እንግዳ ዐይን ሲመጣ፣ እንግዳው የራሱ ልጅ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ንብረቱን እንደ አዲስ ይመለከታል። ዲ በመጣችበት ቀን እናት ብዙ አጥታለች፤ ነገር ግን ማየትንም ተምራለች።

5. የዲ ጠበቆች

የተለመደውን ንባብ ካጠናከሩት ሥራዎች መካከል ሂዩስተን ቤከርና ሻርሎት ፒርስ ቤከር በ1985 ያቀረቡት ጥናት ይጠቀሳል። በእነሱ አመለካከት ማጊ የሰፊዎቹ ሴቶች እውነተኛ ተተኪ ናት፤ ዲ ደግሞ ውበትን ከኑሮ ነጥላ የምትመለከት ናት። በ1998 ሱዛን ፋረል በተቃራኒው ቆማ ዲን ተከላከለች። የዲ ድፍረት፣ እንቢ ባይነትና ጥያቄ ማብዛት ለጥቁሮች ትግል አስፈላጊ እንደነበር፣ እናትም በመጨረሻ ልብሶቹን ስትነጥቅ ያሳየችው ድፍረት ከዲ የተማረችው እንደሚመስል ተከራክራለች። ዎከር ራሷም ሦስቱን ሴቶች እንደ አንድ ሰው ልዩ ልዩ ገጽታዎች እንደምታያቸው መናገሯ ለዚህ ክርክር ድጋፍ ይሆናል።

እኔ ሁለቱንም ወገኖች በከፊል እቀበላለሁ። እናት፣ ጨርቁ ቢያልቅ ማጊ ሌላ ትሰፋለች ትላለች፤ ማጊ ሙያውን ከአያቷና ከአክስቷ ተምራለችና። ይህ የልቦለዱ ጠንካራ ነጥብ ነው። ከአያት የተወረሰው ጨርቁ ሳይሆን እጁ፣ ሙያው ነው። ሆኖም የኤዝራን እራፊ ማጊ እንደገና ልትሰፋት አትችልም። እሷ አንድ ጊዜ ካለቀች አለቀች። በዚህ ነጥብ ላይ የዲ ሥጋት ትክክል ነው፤ ሥጋቷን የምታቀርብበት መንገድ ግን ትክክል አይደለም። ጥፋቷ ጨርቁን ለማኖር መፈለጓ አይደለም፤ ጨርቁን ከሰፊዋ ስም፣ ከማጊ ቃል ኪዳንና ከራሷ ስም የትውልድ ሐረግ መነጠሏ ነው። «ዲ» የሚለው ስም የጨቋኞች ስም ነው ብላ ስትጥለው እናቷ በአክስት፣ በአያት አድርጋ ወደ ኋላ ትቆጥርላታለች። የአልጋ ልብሱን ሰፊ ስም ጥላ የአልጋ ልብሱን ትጠይቃለች። አዲሱ ስሟም ቢሆን፣ አንዱ ክፍል የኪኩዩን ስም የሚመስል፣ ሌላው የባሮትሴውን ንጉሥ ሌዋኒካን የሚያስታውስ፣ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ ማዕዘን የተገጣጠመ ነው። ሳታውቀው የራሷን ድሪቶ ሰፍታለች ማለት ይቻላል።

መስቀል ብቻውን ኃጢአት አለመሆኑን የኋላ ታሪክም ያሳያል። በ2002 ያው የዊትኒ ሙዚየም በአላባማ ጂስ ቤንድ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች የሰፏቸውን ኩዊልቶች ሲያሳይ የሠሪዎቹ ስም አብሮ ቀርቧል። ግድግዳው ያው ነው፤ አሰቃቀሉ ግን ተለውጧል።

እዚህ ላይ «ወረሰ» የሚለው ግሣችን ያግዘናል። ልጅ የአባቱን ርስት ሲያገኝ ወረሰ እንላለን። መንግሥት የሰውን ቤት ሲወስድም ወረሰ እንላለን፤ በ1975 «ትርፍ ቤት ተወረሰ» የተባለውን የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ሁለተኛ ፍቺ ያውቀዋል። አንዱ በፈቃድ የሚተላለፍ ነው፤ ሌላው ከባለቤቱ እጅ የሚነጠቅ። የዲና የማጊ ልዩነት በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

6. ከመርፌ ወደ ብዕር

ልቦለዱ ሲጀምር «ለሴት አያትሽ» የሚል ትርጉም ያለው መታሰቢያ ሰፍሯል። ተራኪዋ ማንበብ የምትፈራ እናት ናት፤ የምትናገረውን የጻፈችው ግን ኮሌጅ የገባች ልጅ ናት። ዎከር በ1944 በጆርጂያ ግዛት ከእኩል አራሽ ቤተሰብ የስምንተኛ ልጅ ሆና ተወለደች፤ በ1961 ከቤት ወጥታ ኮሌጅ ገባች። እናቷ ሦስት ዕቃዎች እንደሰጠቻት ተናግራለች፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሻንጣና የጽሕፈት መኪና። የስፌቱና የጽሕፈቱ መኪና ከአንድ እጅ መሰጠታቸው የኋላ ሥራዎቿን አስቀድሞ የሚነግር ይመስላል።

በ1974 ባወጣችው ስለ እናቶች የአትክልት ስፍራ በሚናገረው ድርሰቷ፣ ብዕር ያልተፈቀደላቸው ጥቁር እናቶችና አያቶች የፈጠራ ኃይላቸውን የት አደረጉት ብላ ትጠይቃለች። ከመልሶቿ አንዱ በስሚዝሶኒያን ተቋም ያየችው፣ ሠሪዋ ስሟ ያልተጻፈላት የአላባማ ጥቁር ሴት የተባለች አንድ ኩዊልት ነው። ስም አልባዋ ሠዓሊ ቀለምና ሸራ ስላልነበራት ባገኘችው እራፊ ሣለች። ሌላው መልስ የገዛ እናቷ አበቦች ናቸው።

በ1982 የታተመውና በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት ያስገኘላት «ዘ ከለር ፐርፕል» ደግሞ ድሪቶውን ወደ ልቦለዱ ሴራ አስገብቶታል። ሴሊና ሶፊያ የተጣሉበትን ጉዳይ አብርደው የተቀደደውን መጋረጃ ለኩዊልት ያውሉታል። በአፍሪካ ክፍል፣ በሕመም ላይ ያለችውና እውነቱን አላምን ያለችው ኮሪን የምታስታውሰው ኔቲ ከአሮጌ ኩዊልት ውስጥ የአንድን ጨርቅ ቁራጭ ፈልጋ ስታሳያት ነው። እዚያ እራፊዋ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። ደራሲዋ ይህን ልቦለድ ስለጻፈችበት ሁኔታ ስትተርክ፣ እናቷ ቀላል ነው ያለችውን የኩዊልት ንድፍ ይዛ፣ ጨርቅ ገዝታ ወደ ገጠር እንደሄደችና እየሰፋች እንደጻፈች ገልጻለች። እንግዲህ በ1973ቱ ልቦለድ ውስጥ ሁለት የነበሩት እኅትማማቾች እዚህ በአንዲት ሴት ውስጥ ተገናኙ፤ እንደ ዲ ትጽፋለች፣ እንደ ማጊ ትሰፋለች።

7. አንድ ማነጻጸሪያ፦ ጠመንጃው

የውርስ ዕቃ ለኢትዮጵያዊ ደራሲ ምን እንዳደረገ ለማየት የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ማንሣት ይቻላል። ልቦለዱ በ2019 ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስለ 1935ቱ የኢጣልያ ወረራ ሲሆን፣ ወላጆቿ የሞቱባት ሒሩት ከአባቷ የወረሰችው ውጅግራ ጠመንጃ አላት። የቤቱ ጌታ ኪዳኔ ለጦርነቱ ያስፈልጋል ብሎ ይወስድባታል። ከላይ ያልነው «ወረሰ» እዚህ በሁለቱም ፍቺው ቀርቧል፤ እሷ ወረሰች፣ እሱ ወረሰባት።

ደራሲዋ ልቦለዱን እየጻፈች ሳለች ከእናቷ አንድ ታሪክ ሰማች። ቅድመ አያቷ ጌጤ፣ ወንዶች ልጆቹ ለመዝመት ላልደረሱ አባት የበኩር ልጅ ነበረች። አባቷ ጠመንጃውን ለታጨችለት ባል ሲሰጥ እንቢ አለች፤ ጉዳዩን ለፍርድ አቅርባ ተፈረደላትና ዘመተች። ልብ በሉ፤ ደራሲዋን ያገኛት የጠመንጃው ወሬ ነው፤ ያም የደረሳት በእናት አንደበት ነው። ሰማያዊዋ እራፊ በተራኪዋ አንደበት እንደደረሰችን ሁሉ፣ ጠመንጃውም የሚናገርለት ሴት ትውልድ ባይኖር ኖሮ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

8. ማጠቃለያ

ዎከር ከሁለቱ ልጆች ለአንዷ ስትፈርድ ለሦስተኛ መንገድ ስፍራ ትታለች። የአያት ዕቃ ተሰቅሎ ብቻ ቢኖር ይደርቃል፤ ለብሰውት ብቻ ቢጨርሱት ከነታሪኩ ያልቃል። ሦስተኛው መንገድ ሙያውን ተምሮ፣ የሠሪውን ስም ይዞ፣ አዲስ መሥራት ነው። በንግግር አማርኛ «ጣፈ» የሚለው ቃል የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ መጨመርንም፣ መጻፍንም ይገልጻል። ይህ የድምፅ ግጥምጥሞሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሁለቱ ሥራዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያሳስበናል።

አሁን ወደዚያ ተማሪ ጥያቄ ልመለስ። በክረምት ገጠር ወርደን ቃል ግጥም ቀድተን ስንመለስ የምንሠራው፣ አዎን፣ የዲ ሥራ ነው። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ የእኛ እንግዳ ዐይን ባለቤቶቹ ራሳቸው የለመዱትን እንደገና እንዲያዩት ያደርግ ይሆናል። ነገር ግን ግጥሙን ያወጣችውን ሴት «አንዲት አሮጊት» ብለን ካለፍናት፣ ለማን ቃል እንደገባች ካልጠየቅን፣ ራሳችንም አንድ ስንኝ ማውጣት ሳንማር ከተመለስን፣ ቀዳን እንጂ አልወረስንም፤ ወይም የወረስነው በሁለተኛው ፍቺ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ገጠር የሚወርድ ተማሪ የድምፅ መቅጃውን ከመክፈቱ በፊት ከሴቲቱ ጎን ተቀምጦ ጥጥ ሲባዘት፣ እንዝርት ሲሾር ቢያይ፣ ቢችልም ቢሞክር፣ ጥናቱ የሚጎድልበት አይመስለኝም። በዲ ድፍረት ሄዶ በማጊ እጅ መመለስ ይቻላልና።